3,000 ልኬት ያስጣለ ኮት

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የጻፍኩት፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የጀመረው ከእንቁላል ካርቶን ነው። የትምህርት ቤታችን የሚኒ ሚዲያ ልጆች ሰሞኑን ከየሱቁና ከየምግብ ቤቱ የእንቁላል ካርቶን ሲለቅሙ ሰነበቱ። የተሰጠቻቸው ክፍል ባዶ ናት። አራት የተለሰነ ግድግዳ፣ ሲሚንቶ ወለል፣ አንድ ጠረጴዛ፣ በቃ። ፕሮግራም ሲቀዱ በርሜል ውስጥ ገብቶ የሚያወራ ሰው ነው የሚመስሉት። "ቲቸር፣ ካርቶኑን ግድግዳው ላይ ስንለጥፈው ድምፁን ይመጠዋል" አሉኝ። በምን አወቃችሁ ስላቸው ስቱዲዮ ውስጥ አይተናል አሉ። ከመሃላቸው አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ግን "ቲቸር፣ ስንት ድምፅ እንደሚመጥ በምን ይለካል?" ብላ ጠየቀችኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ "ላቦራቶሪ ውስጥ ይለካል" ብዬ አለፍኳት። መምህር መልስ ሲያጥረው የሚላት ነገር ናት፤ ተማሪዎቼ የነበራችሁ በደንብ ታውቋታላችሁ። ማታ ቤቴ ገብቼ ግን ጥያቄዋ አልለቀቀኝም። ውሃ የሚመጥ ጨርቅ ቢሆን ሚዛን ላይ ታስቀምጠዋለህ፣ ከመንከርህ በፊትና በኋላ ያለውን ልዩነት ታያለህ። ድምፅ የጠጣ ግድግዳ ግን ክብደት አይጨምርም፣ ቀለሙም አይቀየርም። የተዋጠው ድምፅ ሚጢጢ ሙቀት ሆኖ ነው የሚቀረው፤ በእጅ ብትነካው አይታወቅህም። ታዲያ በምን ይለካል?

የመጀመሪያውን መልስ ያገኘው ዋላስ ክሌመንት ሳቢን የሚባል አሜሪካዊ የፊዚክስ መምህር ነው። በ1868 ኦሃዮ ውስጥ ተወለደ፣ በ18 ዓመቱ ከኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመረቀ፣ ከዚያ ሃርቫርድ ገብቶ ማስተርሱን ይዞ እዚያው ማስተማር ጀመረ። ዶክትሬት አልነበረውም። (እኔ በዲፕሎማዬ ይህችን ዓረፍተ ነገር ስጽፍ ምን ያህል ደስ እንዳለኝ አትጠይቁኝ።)

በ1895 ሃርቫርድ ፎግ የሚባል አዲስ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ከፈተ። ንድፉን የሠራው ሪቻርድ ሞሪስ ሃንት ነው፤ በዘመኑ አሜሪካ ውስጥ ስማቸው ከተጠራ አርክቴክቶች አንዱ። ሕንፃው ውስጥ አንድ የሌክቸር አዳራሽ ነበረ፣ ሲያዩት የሚያምር። ችግሩ መምህሩ ሲናገር ምንም አይሰማም። ድምፁ አንሶ አይደለም፤ በዝቶ ነው! አንድ ቃል ከተናገርክ በኋላ ባዶው አዳራሽ ውስጥ ድምፁ 5 ሰከንድ ተኩል አካባቢ ሳይሞት ይቆያል። በ5 ሰከንድ ተኩል ውስጥ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው እንኳን ስንት ፊደል ይላል? ከአስራ አምስት በላይ። የመጀመሪያው ፊደል ሳይጠፋ አስራ አምስተኛው ይደርስበታል፣ ሁሉም ተደራርበው ገንፎ ይሆናሉ።

ይሄ እንደ ገደል ማሚቶ አይደለም። ገደል ማሚቶ ሩቅ ሄዶ አንዴ ነው የሚመለሰው፣ "እንዴት ነህ" ስትለው "እንዴት ነህ" ይልሃል። ክፍል ውስጥ ግን ድምፁ ከግድግዳ ወደ ጣሪያ፣ ከጣሪያ ወደ ወለል እየተላተመ በሰከንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይመላለሳል። በተላተመ ቁጥር ጥቂት ይዋጣል። ግድግዳው ልስን ወይ ሲሚንቶ ከሆነ የሚዋጠው ከመቶ ሁለት ሦስት እጅ ቢሆን ነው፤ ስለዚህ ቶሎ አይሞትም። ወፍራም ጨርቅ ከሆነ ግማሹ በአንዴ ሊዋጥ ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ አንድ ተማሪ ነበረኝ። ጥያቄ ስጠይቀው ሁሌ "እ?" ይላል። እኔም "ልብህ የት ነው?" እያልኩ በክፍሉ ፊት ስንት ቀን አሳፍሬዋለሁ። አንድ ቀን መስኮቱ ተሰብሮ ስለነበር በአጋጣሚ ከፊት አስቀመጥኩት። ልጁ ያን ቀን ሦስት ጊዜ እጁን አወጣ። ችግሩ የልጁ ልብ ሳይሆን ክፍሉ ነበር፤ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ባዶ ግድግዳ። ስለ ፎግ አዳራሽ ሳነብ ትዝ ያለኝ እሱ ነው፤ የኋላው ወንበር እኮ የትም አገር አለ።

ወደ ሳቢን ልመለስ። የሃርቫርድ ፕሬዚዳንት ቻርልስ ኤልየት "እባክህ ይህን አዳራሽ አንድ በለው" ብለው ሰጡት። በዚያ ዘመን የአዳራሽ ድምፅ የዕድል ጉዳይ ነበር። አንዳንዱ አዳራሹ ውስጥ ከግድግዳ ግድግዳ ሽቦ ይወጥራል፣ ድምፁን ይሰብረዋል ተብሎ። ለምን እንደሚሠራ የሚያውቅ የለም፤ ነገሩ አይሠራማ!

ሳቢን ያደረገውን ስሙኝ። አንድ የኦርጋን ቧንቧ፣ ጊዜ የሚመዘግብ ክሮኖግራፍና የገዛ ጆሮውን ያዘ። ማይክሮፎን፣ ኮምፒውተር የለም። ቧንቧውን ያስነፋል፣ ድምፁ ክፍሉን ሲሞላው ያቆመዋል፣ ከዚያ ጆሮው ምንም መስማት እስኪያቅተው ድረስ ስንት ሰከንድ እንደሆነ ይመዘግባል። ቀን ጫጫታ ስላለ የሚሠራው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው።

ቀጥሎ እዚያው ግቢ ካለው ሳንደርስ ቲያትር የመቀመጫ ትራሶችን ከረዳቶቹ ጋር ሌሊት እየተሸከመ ወደ ፎግ ያመጣል። ጥቂት ሜትር ትራስ ያነጥፋል፣ ይለካል። ይጨምራል፣ ይለካል። ሌሊቱን ሙሉ እንዲህ። ሊነጋ ሲል ትራሶቹን መልሶ ተሸክሞ ቦታቸው ያደርሳል፤ ጠዋት ለሰው መቀመጫ ያስፈልጋሉና። ትራሱ በበዛ ቁጥር ጊዜው ያጥራል። መጨረሻ ላይ ወለሉን፣ መድረኩን፣ የኋላ ግድግዳውን ሳይቀር በትራስ ሲሸፍነው 5 ሰከንድ ተኩል የነበረው ወደ 1 ሰከንድ ገደማ ወረደ።

ቁጥሮቹን ይዞ ግን ለረጅም ጊዜ ተቸገረ። ግንኙነቱ ምንድነው? የመጀመሪያዎቹ ትራሶች ጊዜውን ቶሎ ያወርዱታል፣ የኋለኞቹ ያን ያህል አይደሉም። በ1898 መከር ላይ፣ ኤልየት ለቦስተን አዲስ የሙዚቃ አዳራሽ አማካሪ እንዲሆን እየወተወቱት ሳለ፣ አንድ ማታ ገባው። ኩርባው ሃይፐርቦላ ነው! ከሚቀጥለው ክፍል ለነበሩት እናቱ በጩኸት እንደነገራቸው ይወራል። አስራ ሁለተኛ ክፍል "ሃይፐርቦላ ለምን ይጠቅመናል?" እያላችሁ ያደረቃችሁኝ ልጆች፣ እንሆ።

ነገሩ ቀላል ነው። ጊዜውን በትራሱ ርዝመት ብታበዛው ቋሚ ቁጥር አይመጣም። ባዶው ክፍል ራሱ፣ ልስኑ፣ እንጨቱ፣ መስታወቱ ተደምሮ የተወሰነ ትራስ ያህል ይውጣል። ያንን ብትጨምርበት ግን ብዜቱ ሁልጊዜ አንድ ነው። ማለትም ሳቢን ትራሱን ሲለካ ሳያስበው ክፍሉንም ለካው። ቀጥሎ "ትራስ" መለኪያ መሆኑ አላረካውም፤ የሃርቫርድ ትራስ አዲስ አበባ የለምና። የትም አገር ያለ ነገር ፈለገ፣ አገኘም፦ የተከፈተ መስኮት። በመስኮት የወጣ ድምፅ አይመለስም፤ መቶ በመቶ ተዋጠ ማለት ነው። ስለዚህ ማንኛውም ነገር "ስንት ካሬ የተከፈተ መስኮት ያህላል?" ተብሎ ይለካል። ዛሬም የድምፅ መዋጥ ቁጥር ከ0 እስከ 1 የሚሆነው በዚህ ነው።

ከዚህ የወጣው ቀመር አጭር ነው። የድምፁ መሞቻ ጊዜ 0.161 ሲባዛ በክፍሉ ይዘት፣ ሲካፈል ለጠቅላላው መዋጥ። የእኔን ዓይነት ክፍል ውሰዱ፤ 8 በ7 ሜትር፣ ከፍታው 3። ይዘቱ 168 ሜትር ኩብ። ባዶው ክፍል 9 ካሬ መስኮት ያህል ቢውጥ 3 ሰከንድ ይመጣል። ሃምሳ ተማሪ ሲገባበትና እያንዳንዱ 0.4 ካሬ ያህል ቢውጥ መዋጡ 29 ይሆናል፣ ጊዜው ከ1 ሰከንድ በታች ይወርዳል። እናንተ ራሳችሁ ድምፅ የምትመጡ ትራሶች ናችሁ ማለት ነው፤ ስድብ እንዳይመስላችሁ።

አሁን ወደ ኮቱ። ይሄ ነው ከታሪኩ ሁሉ እንቅልፍ የነሳኝ። ሳቢን ለወራት ለክቶ፣ ቁጥሮቹ ውስጥ ትንሽ መንገዳገድ አየ። ምክንያቱን ሲፈልግ ሲፈልግ የገዛ ልብሱ ሆኖ ተገኘ። አንድ ቀን ወፍራም ኮት ለብሶ ይለካል፣ ሌላ ቀን ሳሳ ያለ፤ ኮቱ ደግሞ ድምፅ ይውጣል። ልዩነቱ ትንሽ ናት። እኔ ብሆን "ስህተቱ በጣም አነስተኛ ነው" ብዬ ሪፖርቱን አስረክብ ነበር። እሱ ከ3,000 በላይ ልኬቶችን ጣላቸው። ጣላቸው! ከዚያ በኋላ ሲለካ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ልብስ ነው የሚለብሰው፤ ምን እንደሆነም ጽፎ አስቀምጧል፦ ሰማያዊ የክረምት ኮትና ሰደርያ፣ የክረምት ሱሪ፣ ስስ የውስጥ ልብስ፣ ረጅም ጫማ። በፊዚክስ ጽሑፍ ውስጥ የውስጥ ልብሱን ያሰፈረ ሌላ ሰው አላውቅም።

የፎግ አዳራሽ ራሱ ግድግዳው ላይ የፀጉር ፌልት ተለጥፎበት አገልግሎት ሰጠ። ግሩም ሆነ ማለት አይደለም፣ የሚሰማ ሆነ። በ1973 ፈርሶ የተማሪዎች ማደሪያ ተሠራበት። የቦስተኑ ሲምፎኒ ሆል ግን ጥቅምት 1900 ተከፈተ፣ እስከ ዛሬ ከዓለም ምርጥ የሙዚቃ አዳራሾች መካከል ይቆጠራል። እዚያም ቢሆን ሳቢን ሰው ሲሞላ 2.31 ሰከንድ ይሆናል ብሎ ነበር፤ በኋላ ሲለካ 1.9 አካባቢ ነው የወጣው። ሊዮ ቤራኔክ የሚባል ባለሙያ ከብዙ ዓመት በኋላ እንዳስረዳው፣ ሕዝብ የሚውጠው በነፍስ ወከፍ ተቆጥሮ ሳይሆን በያዘው ወለል ስፋት ነው። ሰው በራስ ቆጥረህ ትልቅ አዳራሽ ላይ ስታባዛው ይዛነፋል።

ሳቢን እየቆየ ሲሄድ ለእያንዳንዱ ነገር፣ ለጡቡ፣ ለምንጣፉ፣ ለመጋረጃው፣ ቁጥር መስጠት ፈለገ። በየአዳራሹ እየዞሩ መለካት አያዋጣም። ስለዚህ ሥራው ወደ ተዘጋ የመለኪያ ክፍል ገባ፤ ሃርቫርድ ውስጥ በጄፈርሰን ላቦራቶሪ ሥር ወዳለች ክፍል። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ ባዶውን ክፍል ለካ፣ ናሙናውን አስገባ፣ እንደገና ለካ፣ ልዩነቱ የናሙናው ነው። ለእርሻ መሬት የዝናብ መለኪያ እንደማለት፤ ትንሽ ዕቃ ውስጥ ለክተህ ስለ ሰፊው ትናገራለህ።

ከዚያ አንድ ገራሚ ሀብታም መጣ። ኮሎኔል ጆርጅ ፋቢያን ይባላል፤ ኢሊኖይ ውስጥ ጄኔቫ ከተማ አጠገብ ሪቨርባንክ የሚባል ርስት ነበረው። ሼክስፒር ሥራዎች ውስጥ ፍራንሲስ ቤከን የደበቀው ምስጢራዊ ጽሑፍ አለ ብሎ የሚያምን ሰው ነው። ከዚያ "ምስጢር" ውስጥም በድምፅ ዕቃ ከመሬት የሚያነሳ ማሽን ተገኘ ተብሎ አሠራው፣ እንቢ ሲለው ሳቢንን አማከረ። ማሽኑ ምንም አላነሳም። ሳቢን ግን ከዚህ ቅዠት አንድ ቁም ነገር ተረፈው፤ ፋቢያን በ1918 ለድምፅ ምርምር የሚሆን ሙሉ ላቦራቶሪ ሠራለት፤ ይዘቱ ወደ 290 ሜትር ኩብ የሚሆን፣ ግድግዳው ከሌላው ሕንፃ የተነጠለ የመለኪያ ክፍል ያለው። ሳቢን አልተጠቀመበትም። በጦርነቱ ጊዜ ራሱን በሥራ ጨርሶ ነበርና በጥር 1919 በ50 ዓመቱ አረፈ። ቦታውን የተረከበው የሥጋ ዘመዱ ፖል ሳቢን ነው። በቀጣዮቹ አስርት ዓመታት የጣሪያ ንጣፍ ፋብሪካዎች ሁሉ ናሙናቸውን ይዘው ወደዚያ ጎረፉ። ከነሱ አንዱ ሴሎቴክስ ነው፤ ንጣፉን የሚሠራው ከተጨመቀ ሸንኮራ አገዳ ገለባ ነበር። የወንጂ ልጆች፣ ያ ክምር ድምፅ ይመጣል ማለት ነው!

ቁጥሩ ገበያ ላይ ሲወጣ ግን ነገር መጣ። አንድ ዓይነት ናሙና በተለያዩ ላቦራቶሪዎች ሲለካ የተለያየ ቁጥር ይሰጣል። አንዳንዴም ከ1 በላይ ይወጣል! ከተከፈተ መስኮት በላይ የሚውጥ ነገር አለ እንዴ? የለም። ናሙናው ጠርዝ አለው፤ ድምፅ ጠርዙ ላይ ታጥፎ ይገባል፣ ስለዚህ ከስፋቱ በላይ የያዘ ይመስላል። ናሙናውን ቆራርጠህ ብትበትነው ቁጥሩ የበለጠ ያድጋል። ለዚህ ነው ዓለም አቀፉ መስፈርት ክፍሉ ወደ 200 ሜትር ኩብ ይሁን፣ ናሙናው ከ10 እስከ 12 ካሬ በአንድ ላይ ይነጠፍ የሚለው። በ200 ሜትር ኩብ ክፍል ጊዜው ከ5 ወደ 2.5 ሰከንድ ቢወርድ፣ መዋጡ ከ6.44 ወደ 12.88 ወጣ ማለት ነው፤ ጭማሪውን ለ10 ካሬ አካፍሉት፣ 0.64 ገደማ።

10 ካሬ ናሙና ግን ሁሉም ሰው የለውም። የመኪና ፋብሪካ አንድ የጣሪያ ጨርቅ፣ አንድ ወንበር ነው ያለው። ከ1913 ጀምሮ ሃውሊ ቴይለር ባሳየው መንገድ በቧንቧ ጫፍ ላይ ትንሽ ቁራጭ አድርጎ መለካት ይቻላል፤ ቧንቧው ግን ድምፁን ፊት ለፊት ብቻ ነው የሚመታው፣ እንደ ክፍል ከየአቅጣጫው አይደለም። ስለዚህ ስዊዘርላንድ ውስጥ አልፋ ካቢን የሚባል ነገር ተሠራ፤ 6.4 ሜትር ኩብ ገደማ፣ ከኪዮስክ ብዙም የማይበልጥ፣ ግድግዳዎቹ ሆን ተብለው ትይዩ ያልሆኑ። 1.2 ካሬ ናሙና ይበቃዋል።

ቤቱ ሲያንስ ግን ሁለት ነገር ይመጣል። አንደኛው ወፍራም ድምፅ አይገባበትም። የ100 ሄርዝ ድምፅ ሞገዱ 3.4 ሜትር ነው፤ ከክፍሉ ይረዝማል፣ እንደ ልቡ መበተን አይችልም። ስለዚህ ካቢኑ የሚታመነው ከ400 ሄርዝ ወዲህ ነው። ሁለተኛው የሳቢን ኮት ነው። ግማሽ ካሬ ያህል የሚውጥ ሰው በትልቁ ክፍል ውስጥ ቢቆም ከመቶ ስምንት እጅ ያህል ነው የሚጨምረው። 6.4 ሜትር ኩብ ውስጥ፣ ባዶው ክፍል 2 ሰከንድ የሚቆይ ቢሆን፣ ጠቅላላ መዋጡ ራሱ ግማሽ ካሬ ብቻ ነው። አንተ ስትገባ እጥፍ ሆነ! ስለዚህ ማንም አይገባም፤ ድምፅ ማጉያና ማይክሮፎን ውስጥ፣ ሰው ውጭ።

እነዚያን ልጆች ረሳኋቸው እንዳትሉ። ዓርብ ከሰዓት ሚኒ ሚዲያ ክፍል ገብተን ፊኛ አፈነዳን፣ በስልክ ቀዳን፣ ሞገዱ ስክሪን ላይ እስኪጠፋ ያለውን ጊዜ አየን። ካርቶን ሳይኖር፣ ካርቶን ተለጥፎ። የመጀመሪያው ውጤት ካርቶኑን አንበሳ አደረገው። ልጆቹ በደስታ ጨፈሩ። በኋላ ያቺ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ማስታወሻዋን አገላብጣ "ቲቸር፣ ካርቶን ሳይኖር ሦስት ነበርን፣ አሁን ሰባት ነን" አለች። ሁሉም ወጡ። አንድ ልጅ ብቻ ቀርቶ ደገምነው። ካርቶኑ ቀጭኑን ድምፅ ትንሽ ቀነሰ እንጂ የበርሜሉ ጩኸት እዚያው አለ። ለነገሩ እሳት የያዘው ቀን አያድርስ፤ ለዚህም አልወደድኩትም።

ቀጥሎ ብርድ ልብስ ሞከርን፤ ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል አራቅነውና ሰቀልነው። ልዩነቱ በጆሮ ይታወቃል። ልጅቷ ግን አሁንም ቅር ብሏታል፣ በር ላይ ቆሜ እያየኋት ወደ እኔ ዞራ "ቲቸር፣ በሩን ከፍተው ነው የቆሙት፣ ጋወንዎም ወፍራም ነው" አለችኝ። ወጣሁ፣ በሩን ዘጋሁ።

አሮጌ ብርድ ልብስ፣ ምንጣፍ ወይም የማትፈልጉት ወፍራም መጋረጃ ያላችሁ የድሮ ተማሪዎቼ ኢንቦክስ አድርጉልኝ። አራት ይበቃናል። ሰኞ ድጋሚ እንለካለን።